ገብስ የማይበላ ፈረስ፤ የካርል ድራይስ የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አቃቂን አልፎ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ዱከምን ያገኛታል። በስተሰሜን የረር ተራራ ቆሞ ይታያል፤ በግራና በቀኝ የአድአ የጤፍ ማሳ ተዘርግቷል፤ አገሩም ሜዳ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ዳገት ይልቅ ለብስክሌት ይመቻል። እሑድ ጧት በዚህ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ብስክሌተኛ ያያል። አንደኛው የራስ ቁር ደፍቶ፣ ቀለሙ የሚያንጸባርቅ ጥብቅ ልብስ ለብሶ፣ ጎማዋ በቀጠነ ቀላል ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ እንደ ወፍ ይበራል። ሁለተኛው ኮቱን ለብሶ፣ የሱሪውን ጫፍ በሲባጎ አስሮ፣ ከኋላው የዱቄት ከረጢት ጭኖ፣ ቀለሟ የተላጠ አሮጌ ጥቁር ብስክሌት እየነዳ ቀስ ብሎ ያልፋል። ለመጀመሪያው ልጆች ያጨበጭባሉ። ለሁለተኛው የሚያጨበጭብ የለም፤ እንዲያውም የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከአስፋልቱ ያስወጣዋል።

እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ በአሮጌ ብስክሌት ሲመላለሱ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ለጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ደርሰው፣ በመኪና የመጣው ሰው ሰላምታ ተሰጥቶት ሲገባ እርሳቸው ብስክሌታቸውን ከውጭ አቁመው እንዲገቡ ታዘዙ። ብስክሌቷን ትተው ቢገቡ ትሰረቅባቸዋለችና ጉዳያቸውን ሳይፈጽሙ ተመለሱ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ብስክሌቷን ለቡና ቤት ግድግዳ ጌጥ ሊገዛቸው ጥሩ ዋጋ ሰጣቸው። ጋሼም እርሷ ግድግዳ ላይ ከወጣች እኔን ማን ይሸከመኛል ብለው ሳይሸጡለት ቀሩ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያሰብኋቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያችው ብስክሌት ለጌጥ ስትሆን ተከበረች፤ ለሥራ ስትሆን ከበር ተመለሰች።

ለመሆኑ ብስክሌት የተሠራችው ለጨዋታ ነው ወይስ ለሥራ? ይህ ጥያቄ በክርክር ማኅበር ፊት ቢቀርብ በሁለቱም ወገን ተናጋሪ አይጠፋም። እኔ ግን ክርክር ከመክፈት ይልቅ፣ በመሪ የምትታዘዝ ባለ ሁለት መንኮራኩር ተሽከርካሪ በመጀመሪያ ሠርቶ የነዳትን ሰው ሕይወት መተረክ መረጥሁ። ጥያቄው በዚያ ሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበርና፤ ለመልሱም ሰውየው በሀብቱና በክብሩ ከፍሎበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ካርል ድራይስ አፕሪል 29 ቀን 1785 ዓ.ም. በካርልስሩኸ ከተማ ተወለደ። ካርልስሩኸ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የምትገኝ ስትሆን በዚያን ጊዜ ባደን የተባለው የመሳፍንት ግዛት መናገሻ ነበረች። አባቱ ባሮን የሚል የመኳንንት ማዕርግ ያላቸው ከፍተኛ ዳኛ ነበሩ፤ የባደን ገዥ መስፍንም የልጁ የክርስትና አባት ሆኑ። እንግዲህ ሕፃኑ ከታላላቆች እቅፍ የወደቀ ቢሆንም ቤተ ሰቡ ከስምና ከደመወዝ በቀር ይህ ነው የሚባል ርስት አልነበረውም። ስለዚህ ካርል እንደ ብዙው የመኳንንት ልጅ በመንግሥት ሥራ ማደር ነበረበት።

መጀመሪያ አጎቱ ከከፈቱት የደን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ከ1803 እስከ 1805 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ፣ ፊዚክስና የሕንፃ ሥራ ተማረ። ሃይደልበርግ በጀርመን አገር ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች እጅግ የቆየ፣ በ1386 የተመሠረተ ነው። ድራይስ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በ1810 የደን ሹም ተባለ፤ ነገር ግን ልቡ ከዛፉ ይልቅ በዛፉ እንጨት ከሚሠራው ነገር ላይ ነበረ። በተሾመ በዓመቱ ደመወዙ ሳይቋረጥ ከሥራው ፈቃድ ተሰጠውና በፈጠራ ሥራ ተጠመደ። ሹመት ይዞ ሥራ የማይሠራ ሰው በየአገሩ አይታጣም፤ ድራይስ ግን ደመወዙን እየበላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፒያኖ ሲመታ ዜማውን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። በ1813 ደግሞ በውስጧ የተቀመጡት ሰዎች በጉልበታቸው የሚነዷት፣ ፈረስ የማትሻ ባለ አራት መንኮራኩር ሠረገላ ሠርቶ አሳየ።

ፈረስን ከሠረገላ መለየት ለምን እንዳስፈለገ ዛሬ ላለን ሰዎች ወዲያው አይገባን ይሆናል። በዚያ ዘመን ፈረስ ማለት አውቶቡስም፣ የጭነት መኪናም፣ የጦር መሣሪያም ማለት ነበረ። መኪና ቆሞ ሲያድር ቤንዚን አይጠጣም፤ ፈረስ ግን ቢሠራም ቢቆምም ይበላል። እኛ ገብስ እንደምናበላው ኤውሮፓውያን አጃ ያበሉታል፤ አጃው በተወደደ ጊዜ ሰውና ፈረስ በአንድ ማሳ ላይ ይፎካከራሉ። በዚያ ላይ የናፖሌዎን ጦርነት ነበረ። በ1812 ወደ ሞስኮ የዘመተው ጦር ከሰው እልቂት በቀር ስፍር ቁጥር የሌለው ፈረስ በበረዶና በረኃብ አስጨርሷል። ድራይስም በጦርነት ጊዜ ፈረስና መኖ እንደሚጠፋ በማሰብ ሠረገላውን ለመንግሥታት አቀረበ። የኤውሮፓ ነገሥታትና ሚኒስትሮች ከ1814 እስከ 1815 በቪየና ተሰብስበው ሳለ እዚያው ድረስ ሄዶ አሳያቸው። እነርሱ ግን የመንግሥታትን ድንበር ሲከፋፈሉ ነበርና ለእንጨት ሠረገላ ጊዜ አልነበራቸውም።

ከዚህ በኋላ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። በአፕሪል 1815 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር፣ በሱምባዋ ደሴት ላይ፣ ታምቦራ የተባለው ተራራ ፈነዳ። እሳቱ በደሴቲቱና በአካባቢዋ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ ወደ ሰማይ የወጣው ትቢያና ጢስ ደግሞ የፀሐይን ሙቀት ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት በ1816 በምዕራብ ኤውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በጋው ጠፋ፤ ዝናቡ አላቆም አለ፤ እህሉ በማሳው ላይ በሰበሰ። የደቡብ ጀርመን ሕዝብ ክፉኛ ተራበ። ሰው የሚበላው ባጣበት ዓመት ለፈረስ የሚተርፍ አጃ ከየት ይመጣል? ዘመናችን ያፈራቸው አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ድራይስን ወደ ታላቅ ሥራው የገፋው ይህ የመኖ መወደድ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ይህን ይጠራጠራሉ። ለማንኛውም የዘመኑ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ረኃቡ በ1816 ሆነ፤ ፈረስ የሌላት ተሽከርካሪ በ1817 ወጣች።

አዲሲቱ ተሽከርካሪ ከፊተኛዋ ሠረገላ በጣም የቀለለች ነበረች። ድራይስ ከአራቱ መንኮራኩሮች ሁለቱን አወጣና የቀሩትን ሁለቱን ፊትና ኋላ አድርጎ በአንድ የእንጨት አግዳሚ አያያዛቸው። በመካከል ኮርቻ አኖረ፤ ከኮርቻው ፊት የክንድ መደገፊያ አደረገ፤ የፊተኛው መንኮራኩር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲዞር መሪ አበጀለት፤ ለኋለኛውም በገመድ የሚሳብ ፍሬን ሠራለት። ክብደቷ ከ22 ኪሎ የማይበልጥ ነበረ። ፔዳልና ካቴና አልነበራትም፤ ነጂው በኮርቻው ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሮቹ ተራ በተራ እየገፋ ይሮጣል። ዛሬ ትንንሽ ልጆች ሚዛን መጠበቅ የሚለማመዱባት ፔዳል የሌላት ብስክሌት የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ታላቁ ግኝት እንጨቱ ወይም መንኮራኩሩ አልነበረም። ሁለት መንኮራኩር በአንድ መስመር ላይ ቢሆኑ፣ መሪው በእጅ እስከ ታዘዘ ድረስ፣ የሚሄድ ሰው እንደማይወድቅ ማወቁ ነበረ እንጂ። ይህን ከእርሱ በፊት በሥራ የገለጸ ሰው አይታወቅም።

ጁን 12 ቀን 1817 ዓ.ም. ድራይስ በማንሃይም ከተማ ከሚገኘው ቤቱ ተነሥቶ፣ ወደ ሽቬትሲንገን በሚወስደው ጥሩ መንገድ ላይ እስከ አንድ የፈረስ መለወጫ ጣቢያ ደረሰና ተመለሰ። ደርሶ መልሱ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ካለው ርቀት ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። ይህንንም አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፈጸመው። እግረኛ ለዚህ መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስፈልገው ነበርና ወሬው በጋዜጣ ወጣ። በዚያው በጋ ከጌርንስባኽ ተነሥቶ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ባደን ባደን ሄደ፤ ይህም ተሽከርካሪዋ ለሜዳ ብቻ እንዳልሆነች ለማሳየት ነበረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ድራይስ ለመታየት የመረጠው የሽርሽር ስፍራ አልነበረም፤ መልእክተኛና ነጋዴ የሚመላለሱበትን የፖስታ መንገድ ነበረ። ሲጽፍም ሲናገርም ሥራውን የሚያቀርበው የፈረስ ምትክ አድርጎ ነው።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1818 የባደን መንግሥት ለአሥር ዓመት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጠው፤ የመካኒክ ፕሮፌሰር የሚል ማዕርግም አገኘ፤ ጡረታም ተቆረጠለት። በፈረንሳይ አገርም መብቱን አስመዘገበ፤ ፈረንሳዮች ለብዙ ዘመን የተጠሙበትን ቬሎሲፔድ፣ ማለት ፈጣን እግር፣ የሚለውን ስም ያወጡት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የባደን መብት ከባደን ድንበር አያልፍም። ተሽከርካሪዋ ከአንድ ሠረገላ ሠሪ ወደ ሌላው እየተቀዳች በኤውሮፓ ከተሞች ስትዳረስ ለድራይስ የሚከፍለው ሰው አልነበረም። በ1818 በፓሪስ በሉክሰምበርግ የአትክልት ስፍራ ለሕዝብ በታየች ጊዜም ተመልካቹ ከማድነቅ ይልቅ ሳቀባት።

የለንደኑ ሠረገላ ሠሪ ዴኒስ ጆንሰን በ1818 መጨረሻ በእንግሊዝ አገር መብቱን በራሱ ስም አውጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሠራ፤ የመንጃ ትምህርት ቤትም ከፈተ። በ1819 በጋ የለንደን ባለጸጎች ልጆች ክራቫታቸውን አስረው፣ ረጅም ባርኔጣቸውን ደፍተው በየአደባባዩ ይጋልቡባት ጀመር። ሕዝቡም የጎረምሳ ፈረስ ብሎ ጠራት፤ ሠዓሊዎች በየሱቁ መስኮት የሚሰቀል የፌዝ ሥዕል ሣሉባት። ሐኪሞችም ነጂውን ቡአ ታወርዳለች ሲሉ አስጠነቀቁ። በረኃብ ማግሥት የፈረስ ምትክ ትሆን ዘንድ የተሠራች መሣሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ የሥራ ፈቶች መጫወቻ ሆነች። የጨዋታ ነገር ደግሞ እንደ ልብስ ፋሽን ነውና በአንድ በጋ አለቀ።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን በዚሁ ይዘጉታል፤ ጥፋቱንም በጎረምሶቹ ላይ ይጥላሉ። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ሌላ ምክንያት ይታያል። በዚያ ዘመን የነበረው መንገድ የሠረገላ ጎማ የቆፈረው፣ በዝናብ ጊዜ ጭቃ፣ በበጋ ጊዜ ድንጋይ ነበረ። በሁለት መንኮራኩር የሚሄድ ሰው በዚያ ቦይ መካከል ሚዛኑን ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ነጂው ለስላሳ ወደ ሆነው ወደ እግረኛው መንገድ ወጣ። እግረኛውም ተገፋሁ ብሎ ጮኸ፤ ባለ ሥልጣኖችም ሰሙት። ድራይስ በተነሣባት በማንሃይም ገና 1817 ሳያልቅ በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ተከለከለ። በሚከተሉት ሦስት ዓመታትም ሚላኖ፣ ለንደን፣ ኒው ዮርክ፣ በሕንድ አገር ያለችው ካልካታ ሳይቀሩ ተመሳሳይ ክልከላ አወጡ። ከሠረገላው መንገድ ጉድጓዱ አስወጣት፤ ከእግረኛው መንገድ ሕጉ አስወጣት። ታዲያ ወዴት ትሂድ? የቀራት የአትክልት ስፍራና የመለማመጃ ሜዳ ብቻ ነበረ። በዚያ ደግሞ ሥራ ያለው ሰው አይውልም። ስለዚህ ጎረምሶቹ ከሠራተኛው እጅ አልነጠቋትም፤ ለሠራተኛው መንገድ በጠፋ ጊዜ ብቻቸውን ቀሩባት እንጂ።

አሁን እኛን ተማሪዎችን ወደሚነካው የድራይስ ሕይወት ክፍል ደርሰናል። በማርች 1819 ካርል ሳንድ የሚባል የነገረ መለኮት ተማሪ በማንሃይም ከተማ አውጉስት ፎን ኮትሴቡ የተባለውን ደራሲ በጩቤ ወግቶ ገደለ። ሳንድ ደራሲውን የአገርና የነጻነት ጠላት አድርጎ ይቆጥረው ነበረ፤ ብዙ የጀርመን ተማሪዎችም ገዳዩን እንደ ሰማዕት አዩት። ሳንድ በሜይ 1820 አንገቱን በሰይፍ ተቀጣ። የድራይስ አባት የባደን ከፍተኛ ዳኛ ስለ ነበሩ ምሕረት አላስገኙለትም ተብለው ተጠሉ። ጥላቻውም ከአባት ወደ ልጅ ወረደ። የሳንድ ወዳጆች ካርል ድራይስን በደረሰበት ሁሉ ያንጓጥጡት ጀመር። ስለ ነጻነት የሚጮኹት ወጣቶች፣ ድኻውን ከፈረስ ዋጋ ነጻ ሊያወጣ የደከመውን ሰው ባልፈረደው ፍርድ አሳደዱት። የዩኒቨርሲቲ ልጅ በጥሩ ዓላማ ተነሥቶም ቢሆን እንዲህ ያለውን በደል ሊሠራ እንደሚችል ብናስታውስ አይከፋም።

ድራይስ በ1822 አገሩን ጥሎ ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ በዚያም ላንግስዶርፍ ከሚባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ጋራ መሬት ቀያሽ ሆኖ እስከ 1827 ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ዕድሜው አርባን አልፏል። ቢሆንም እጁ አልቦዘነም። ከመሄዱ በፊት የፊደል ቁልፎች ያሉት መጻፊያ መሣሪያ ሠርቶ ነበረ፤ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ንግግርን በፍጥነት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፤ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃም አበጀ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የዕለት ኑሮን ድካም የሚቀንሱ መሆናቸው የሰውየውን አሳብ ያስረዳል። ማገዶ የሚያባክን ምድጃ ያለው ሰው ደስታ ፈላጊ አይደለም፤ ድኻ ነው።

በ1830 አባቱ ሲሞቱ መከታው ፈረሰ። መሳቂያ አድርገው ያዩት ሰዎች ቀደም ብለው ይፈሩት የነበረው ስለ አባቱ ነበርና ከዚያ ወዲህ የሚከላከልለት ጠፋ። በጎዳና ሲነዳ ልጆች ይከተሉታል፤ መጠጥ ቤት ሲገባ ያበሽቁታል። እርሱም ቁጡ ነበረ ይባላል፤ መጠጥም አበዛ። በ1838 ሊገድሉት የሞከሩ ሰዎች ነበሩና ከዚያ ተርፎ ኦደንቫልድ በሚባለው ደጋ ወዳለች አንዲት ትንሽ መንደር ገብቶ እስከ 1845 ተቀመጠ። በዚያው ዘመን፣ በ1840፣ ከማንሃይም እስከ ሃይደልበርግ የባደን የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ዓለም ፈረስን የሚተካውን ነገር አገኘሁ አለ፤ የእንጨት ተሽከርካሪውንም ሰውዬ ረሳው።

በ1849 በባደን አብዮት ተነሣ። ድራይስም በስድሳ አራት ዓመቱ የባሮንነት ማዕርጉን መተዉን በጋዜጣ አስታወቀና ከእንግዲህ ዜጋ ካርል ድራይስ ተብዬ ልጠራ አለ። የተማሪዎቹ ሽማግሌ ጠላት ተብሎ የተሰደደው ሰው ለሕዝብ ወገን ሆኖ ቆመ። ነገር ግን የፕሩሲያ ጦር መጥቶ አብዮቱን በበጋው ደመሰሰ። አሸናፊዎቹ ዜጋ ነኝ ያለውን ባሮን አልማሩትም። እብድ ነው ተብሎ በሞግዚት ሥር እንዲሆን ተሞከረ፤ ለፈጠራው የተቆረጠለት ጡረታም የአብዮቱ ወጪ መክፈያ ተብሎ ተወሰደበት። ካርል ድራይስ ዲሴምበር 10 ቀን 1851 ዓ.ም. በተወለደባት በካርልስሩኸ በድኽነት ሞተ። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልተወም።

ሰውየው ሞተ እንጂ ነገሩ አልሞተም። በ1860ዎቹ በፓሪስ ከተማ ፔዳል ከፊተኛው መንኮራኩር ጋራ ተገጠመ፤ የሚሹ ወሰድቶችም በብዛት ሠርተው ሸጡት። የፓሪስ ሰፋፊ ጎዳናዎች በዚያው ዘመን ተሠርተው ነበርና መንጃ ስፍራ ተገኘ። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት መንኮራኩርና ወደ ኋለኛው የሚሄድ ካቴና ያላትን፣ የዛሬይቱን ብስክሌት የምትመስለውን ሠራ። በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚሞላ ጎማ አመጣ። በመጀመሪያ የገዟት አሁንም ለስፖርትና ለሽርሽር የሚሹ ባለ ገንዘቦች ነበሩ። ነገር ግን እነዚህ ባለ ገንዘቦች የ1819 ጎረምሶች ያላደረጉትን አደረጉ፤ ማኅበር አቋቁመው መንገድ ይሠራልን ብለው መንግሥትን ሞገቱ። በአሜሪካ በ1880 የተቋቋመው የብስክሌተኞች ማኅበር መኪና ገና ሳይበዛ ለጥሩ መንገድ ይታገል ነበረ። መንገዱ ከተሠራ በኋላ፣ ብስክሌቱም እየረከሰ ሲመጣ፣ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ፖስተኛው፣ አስተማሪዋና አዋላጇ ተከትለው ገቡ። ጀርመናውያን ብስክሌተኞችም በ1891 የድራይስን አፅም ወደ ካርልስሩኸ ታላቁ መቃብር አዛውረው አከበሩት። በሕይወቱ ድንጋይ የወረወሩበት ከተሞች ዛሬ ሐውልቱን ያሳያሉ። የእርሱን ተሽከርካሪ አስመስለው ሠርተው፣ የጥንቱን ባርኔጣ ደፍተው በበዓል ቀን የሚነዱም አሉ።

ስሙ ከእኛ አገርም ሩቅ አይደለም። በፈረንሳይና በጀርመን ቋንቋ የሐዲድ ጠጋኞች የሚሄዱባት ትንሽ ጋሪ ድሬዚን ትባላለች፤ ይህም በድራይስ ስም ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ሐዲድ የሠሩት ፈረንሳዮች ነበሩ፤ ያ አሮጌ ሐዲድም በዱከም በኩል ያልፍ ነበረ። በስፖርቱም በኩል ኢትዮጵያ በመጀመሪያ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌተኞችን ልካለች፤ ገረመው ደንቦባም ከነዚህ አንዱ ነበሩ። ብስክሌትን የዕለት ተዕለት መጓጓዣ በማድረግ ግን ስሟ የተነሣው ባሕር ዳር ናት። ለምን ባሕር ዳር? የባሕር ዳር ሰው ከሌላው ይልቅ ብስክሌት ስለሚወድ አይመስለኝም። ከተማይቱ በጣና ዳር ሜዳ ላይ፣ በሰፋፊ ጎዳናዎች ስለ ተቆረቆረች ነው። መንገድ ባለበት ብስክሌት ሥራ ትሠራለች።

የድራይስ ሕይወት ለጥያቄያችን የሚሰጠው መልስ ይህ ይመስለኛል። ብስክሌትን መጫወቻ የሚያደርጋት የነጂው ጠባይ አይደለም፤ የመንገዱ መጥፋት ነው። የሚጫወት ሰው ሰዓቱንና ስፍራውን ይመርጣል። እሑድን ይመርጣል፤ ጎዳናው ጭር ያለበትን ማለዳ ይመርጣል። የሚሠራ ሰው ግን ምርጫ የለውም፤ ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የጭነት መኪናው በበዛበት ሰዓት፣ ዝናብ ቢሆንም ጭቃ ቢሆንም መሄድ አለበት። ስለዚህ መንገዱ አደገኛ በሆነበት አገር ሠራተኛው ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ተጫዋቹ ብቻ ይቀራል። ከዚያም ብስክሌት የትርፍ ጊዜ ነገር ናት ይባላል፤ የትርፍ ጊዜ ነገር ናት ስለ ተባለም መንገድ አይሠራላትም። የ1819 ታሪክ እንዲህ ነበረ፤ የዱከምም መንገድ እንዲሁ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በ2024 በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ የብስክሌት መስመር በየጎዳናው ዳር ተሠርቷል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን መስመሩ መናፈሻ ከመናፈሻ ሲያገናኝ ለእሑድ ይሆናል፤ መኖሪያ ሰፈርን ከፋብሪካ በር፣ ከገበያና ከትምህርት ቤት ሲያገናኝ ለሰኞ ይሆናል። ፋብሪካ የበዛባት ዱከም የምትሻው የሰኞውን ነው።

ይህን ስል በእሑድ ብስክሌተኞች ላይ አልፈርድም። ከመካከላችንም ለስፖርት የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ደስታቸው የተገባ ነው። እንዲያውም የአሜሪካው ማኅበር ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ ድምፃቸው የሚሰማ እነርሱ ናቸውና መንገዱን ሊያስከፍቱ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። መንገድ ይሠራልን ብለው በተናገሩ ጊዜ ከረጢት የጫነውን ሰውዬ አብረው ይቍጠሩት፤ ከመሥሪያ ቤት በር ሲመለስም ዝም ብለው አይለፉት።

ጋሼ ዛሬ አርጅተዋል፤ ከቤት እምብዛም አይወጡም። ብስክሌቷ ግን ግድግዳ ላይ አልተሰቀለችም። የልጅ ልጃቸው ፍሬኗን አስጠግኖ በየማለዳው ወደ ሥራው ይሄድባታል፤ የመኪናው ጥሩምባ በጮኸ ቍጥርም እንደ አያቱ ከአስፋልቱ ወርዶ ኮረቱ ላይ ይቆማል።